የደምሰው ለቅሶ

ፊያቱ የጭነት መኪና ደብረ ወርቅን ካለፈ ወዲህ ዳገቱን እያቃሰተ ነበር የሚወጣው። በስኳር ጆንያው ላይ ሰውም በግም ተደባልቆ ተጭኗል፤ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር በጎቹ ይጮኻሉ፣ ሰዉ ያማትባል። ስንቄ የሾፌሩን ክፍል ጀርባ ተደግፋ፣ አቧራው እንዳያፍናት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀምጣለች። በስተግራ ጮቄ ደመናውን ለብሶ ከመኪናው ጋር እኩል የሚጓዝ ይመስላል። እሷ ግን ወደዚያ አላየችም። አንድ እጇንም ከወገቧ አላነሣችም፤ በመቀነቷ ሥር፣ ከሆዷ ጋር ተጣብቆ፣ የመጽሐፍ ግማሽ ነበር።

ሽፋኑ ተገንጥሏል። የደራሲው ስም ያለበት ገጽም የለም፤ በዚያ ዘመን መጽሐፍ ስም ባይኖረው ይሻለው ነበርና። ወሩ ሚያዝያ፣ ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ነው። ከቢቸና ሞጣ የሚሄድ ሰው ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት ይይዛል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ከየት እንደመጣ ከማስረዳቱ በፊት የት እንደሚያድር ይታወቃል።

ግንደወይን ሲደርሱ ገመድ ተዘርግቶ መንገዱ ተዘግቷል። ካኪ የለበሰ ጠባቂ በጎማው ተንጠላጥሎ ወጣና ከሁሉም ወረቀት ሰበሰበ።

«ወዴት ነሽ?» አላት።

«ሞጣ።»

«በምን ጉዳይ?»

«የወንድሜን ዕቃ ላመጣ።»

«ራሱ አያመጣውም?»

«አይመቸውም» አለች ስንቄ።

ጠባቂው ወረቀቷን መለሰላትና ወደ በጎቹ ዞረ፤ የማን እንደሆኑ፣ ለማን እንደሚሸጡ ብዙ ጠየቀ። ከበጎቹ ባለቤት ጋር ሲከራከር ፀሐይዋ ከአናት ዘቀጠች። ስንቄ በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደተቀመጠች ነበረች። መሞቱን ካልተናገረች አልዋሸችም፤ መዋሸትም አልፈለገችም።

ወንድሟ መምህር ፋንታ ሞጣ አጠገብ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። እሱም እሷም ከልጅነታቸው ጀምሮ የተጻፈ ነገር ካዩ የማያልፉ ነበሩ፤ አባታቸው መሪጌታ ገብረ ሕይወት በሕይወት ሳሉ «እነዚህን ልጆች ወረቀት ነው የወለዳቸው፣ እኔስ አሳደግኋቸው» ይሉ ነበር። ለገና ፋንታ ወደ ቢቸና ሲመጣ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ይዞ መጣ። የዕረፍቱ ቀን አለቀ፤ ስንቄ ግን መጽሐፉን ገና መጋመሷ ነበር።

«ስጪኝ፤ ሞጣ ያለው ባልንጀራዬ የፊተኛውን አንብቦ የኋለኛውን እየጠበቀ ነው» አላት።

«ይጠብቅ። እኔ ሳልጨርስ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ሲጨቃጨቁ አርፍደው በመጨረሻ ፋንታ የጢሙን ምላጭ አወጣና መጽሐፉን እንደ ቅርጫ ሥጋ ለሁለት ከፈለው። «በይ፤ የፊተኛው ላንቺ፣ የኋለኛው ለኔ። ለፋሲካ ስመጣ ታገኚዋለሽ።»

ምላጩ ያረፈው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ነበር። የመጽሐፉ ባለታሪክ ደምሰው የሚባል የሲራራ ነጋዴ አሽከር ነው፤ ጌታህን ገድለሃል ተብሎ በሐሰት ይሳደዳል። የስንቄ ግማሽ የሚያልቀው ዓባይ ዳር ነው፦ «ደምሰው ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ ወደ ውሃው ሲገባ፣ ከኋላው»። ከዚያ በኋላ ወረቀት የለም።

ፋንታ በሄደ በጥቂት ሳምንት ታሰረ የሚል ወሬ መጣ። የካቲት ሳይወጣ ደግሞ «እርምጃ ተወሰደበት» ተባለ። ያ ቃል በዚያን ጊዜ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ወሬውን ያመጣው የቀበሌው መልእክተኛ ከደጃፍ ሳይገባ ቆሞ ለፋንታ እናት ለወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ነገራቸው። ድንኳን መጣል አይቻልም። ማቅ መልበስ አይቻልም። ድምፅ ማሰማት አይቻልም። «ለአናርኪስት ለቅሶ የለም» አለና ቀጥሎ፣ ሰው ነውና፣ «እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እሜቴ፤ ታዝዤ ነው» አላቸው።

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ። አስከሬኑን አልጠየቁም፤ እንደማይሰጣቸው ያውቁ ነበር።

ጎረቤቶች እየመጡ ተቀመጡ። ስለ በልግ ዝናብ አወሩ፤ ስለ ጨው መወደድ አወሩ። «እግዜር ያጥናሽ» የሚለው ቃል እየመጣባቸው ውጠውት ሄዱ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስም ጥጣቸውን ይፈትላሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጠብታ እንባ አላወጡም፤ ጉልበታቸው ግን ከዕለት ወደ ዕለት እየከዳቸው፣ ድምፃቸውም እየሰለለ ሄደ።

ስንቄ ደግሞ ማልቀሱም መፍተሉም አልሆነላትም። ጥልፍ ጠልፋ ነበር የምትተዳደር፤ መርፌው ከጣቷ እየወደቀ አስቸገራት። በደረቷ ላይ መጅ የተጫነ ይመስላት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሌላ የምታደርገው ብታጣ ግማሹን መጽሐፍ ከሣጥን አውጥታ ከመጀመሪያው ጀመረች። ታሪኩን ታውቀዋለች፤ ሆኖም አንድ ገጽ እስክታዞር ድረስ መጁ ከደረቷ መነሣቱን ልብ አለች። ገጹ ሲያልቅ ተመለሰ። ሌላ ገጽ አነበበች፤ እንደገና ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ሥራዋን እየጨረሰች በየቀኑ ታነብ ጀመር። የምታዝንበትን ነገር አላስረሳትም። ነገር ግን ደምሰው በሌሊት ሲሸሽ አብራው ትሸሻለች፤ ሲርበው ይርባታል፤ በዚያ መካከል ፋንታ የሞተ ሰው ሳይሆን መጽሐፍ ያዋሳት ወንድሟ ሆኖ ይቆያታል።

እናቷ እንዝርታቸውን እያሾሩ ያዳምጡ ነበር፤ ስንቄ በለሆሳስ ስታነብ ከንፈሯን ያያሉ። ማታ ሲሆን አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፦

«ተሻገረ?»

«አልተሻገረም፣ እምዬ። እዚያው ዳር ነው።»

እንዲህ ሲኖሩ በመጋቢት ማለቂያ ከሞጣ የመጣች አንዲት የጨው ቸርቻሪ ወደ ቤታቸው ጎራ አለች። ከሞጣ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ታዘበው የሚባል ገበሬ አለ አለቻቸው። ከፋንታ ጋር ታስሮ ነበር፤ ተፈቷል። «የመምህሩ አደራ በእጄ አለ፤ ዘመድ ካለው ይምጣ» ብሏል። ምን ዓይነት አደራ እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር። ስንቄ አልጠየቀቻትም፤ አወቀችው።

ፊያቱ ሞጣ የደረሰው ቀኑ ሲመሽ ነው። ስንቄ በሩቅ የምትዛመዳት ሴት ዘንድ አድራ በማግስቱ መንገድ ጠየቀች። ዕለቱ አቦ ስለሆነ በሬ አልተጠመደም፤ ገበሬው ሁሉ ከየደጁ ነበር። የታዘበው ቤት ከወንዙ ማዶ፣ በባሕር ዛፍ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ጋቢውን ደርቦ ከግድግዳው ጥግ ፀሐይ ይሞቃል፤ ጢሙ የሸበተ፣ ፊቱ የከሳ ሰው ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። አያ ታዘበው እርስዎ ነዎት?»

ሰውየው ሰላምታውን ሳይመልስ አተኩሮ አያት። «የመምህሩ እህት ነሽ» አለ። «በአፍንጫሽ አወቅሁሽ። ዘርፈሽ! ነዪ፣ የመምህሩ እህት መጣች!»

ሚስቱ ዘርፈሽ እጇን እየጠረገች ከጓዳ ወጣች፤ ስንቄን አገላብጣ ሳመቻት። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። የሁዳዴ ምግብ ቀረበ፤ ስንቄ ለወጉ ያህል ቆረሰች። ታዘበው ግን መቀመጥ አልቻለም። ወደ ጤፍ ጎታው ሄዶ ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ ሲዳብስ ቆየና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሲፈታው ከገጾቹ መካከል ጤፍ ፈሰሰ።

«ይኸው» አላት። «ፊደል ስለማላውቅ ይኸን ያህል ነገር ብቻ ነው የማውቀው፤ አንድም ወረቀት አልጎደለም። ሰው ጠይቆኝም ነበር፣ ለትንባሆ መጠቅለያ ሽጥልን ብለውኝ።»

ስንቄ ተቀበለችው፤ ወዲያው ግን አልገለጠችውም። «እንዴት ከእጅዎ ገባ?»

ታዘበው ታሪኩን ጀመረ። የታሰረው በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንቀላፍቶ በመገኘቱ ነበር። «ቀኑን ሙሉ ሳርስ ውዬ፣ አንድ ሰው ሳያቋርጥ ሲናገር ማን አያንቀላፋም? ፀረ-አብዮት እንቅልፍ ነው ተባለ።» ወኅኒ የተደረገው አንድ የእህል መጋዘን ነው። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የየራሱን ይተክዝ ነበር። ፋንታ በገባ በማግስቱ ከኮቱ ውስጥ ይህን ግማሽ መጽሐፍ አወጣ። ጠባቂዎቹ አገላብጠው አይተው፣ የነጋዴ ተረት ነው ብለው ትተውለታል።

«'ላንብብላችሁ?' አለን። 'አንብብ' አልነው። እንግዲህ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ጮክ ብሎ፣ 'ውሻው ተከተለው' አለ።»

ስንቄ ቀና አለች። «ምን አለ?»

«'ውሻው ተከተለው' አለ እንጂ። እኛ ደግሞ 'የማን ውሻ? ማንን ነው የተከተለ?' አልነው። ሳቀ። 'ይቅርታ፣ የፊተኛው እህቴ ዘንድ ነው' አለን።»

ስንቄ እጇን ወደ መቀነቷ ሰድዳ የራሷን ግማሽ አወጣች። የመጨረሻውን መስመር አነበበች፤ ወዲያውም የታዘበውን ግማሽ ገለጠች። «ከኋላው»፤ «ውሻው ተከተለው»። በዚያች ባዶ ቦታ ላይ ስንት ነገር ስታስቀምጥ ከርማለች! ጠመንጃ የያዘ አሳዳጅ፣ የእጮኛው ድምፅ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ስሙን የማትጠራው ነገር። ውሻ ነበር። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አጥንት ሲጥልለት የነበረው ያ መናኛ ውሻ። ሳቋ መጣ። ልታፍነው ሞከረች፣ አልቻለችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ እስክትደክም ሳቀች። ከየካቲት ወዲህ ሳቅ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እሱም ልክ እንዲህ ነው የሳቀ» አለ ታዘበው።

ከዚያ መካከለኛውን ታሪክ ተረከላት። ፋንታ በየቀኑ ከሰዓት፣ ብርሃን በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲገባ ያነብላቸው ነበር። ታዘበው አንብቦ አያውቅም፤ የሰማውን ግን አልጣለም። ደምሰው ማዶ ተሻግሮ ለአንድ ባላባት ከብት ጠባቂ መሆኑን፣ ስሙን መለወጡን፣ እጮኛው በቅሎ ላይ ሆና ገበያ ለገበያ ስትፈልገው በአንድ ገበያ ጀርባ ለጀርባ ተላልፈው መሄዳቸውን ነገራት። ዳኛው ሲናገሩ ታዘበው ድምፁን ያወፍራል፤ ሐሰተኛው ምስክር ሲናገር በአፍንጫው ያወራል። ነገሩ ሲከር ደግሞ ጣቱን አንሥቶ «እንግዲህ ልብ በሉ!» ይላል። ስንቄ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ያ አነጋገር የፋንታ ነበር።

«መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው?» አለችው አንድ ቦታ ላይ፤ ባላባቱ በሰጎን ላይ ተቀምጦ ይሄዳል ሲላት ነው።

«መጽሐፉን እንጃ። መምህሩ ግን እንዲህ ነው ያለን።»

ታሪኩ እየሄደ እየሄደ እውነተኛው ገዳይ በጠና ታሞ ለንስሐ አባቱ እስከሚናዘዝበትና ደምሰው ነፃ መሆኑ እስከሚታወቅበት ደረሰ። ደምሰውም ይህን ሰምቶ ወደ አገሩ ተነሣ። እዚህ ላይ ታዘበው መጽሐፉን ከእጇ ወስዶ አንድ ገጽ ፈልጎ አሳያት፤ የወረቀቱ ጠርዝ ታጥፏል።

«እዚህ ድረስ ነው» አለ።

«እንዴት ነበር?» ስትል ጠየቀችው። ስለ መጽሐፉ እንዳልጠየቀችው ገባው።

«በሩ ተከፈተና ስሙን ጠሩት። እኛ አወቅን። እሱም ያወቀ ይመስለኛል። ገጿን አጠፋት፤ ቀስ ብሎ ነው ያጠፋት። አንድ ልጅ ከመካከላችን፣ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ 'ጋሼ፣ ይደርሳል? አገሩ ይገባል? ይችን ብቻ ንገሩን' አለው። መምህሩ ፈገግ አለና 'ይህን ከነገርኳችሁ ነገን በምን ልትጠብቋት ነው?' አለ። መጽሐፉን በጄ ላይ አኖረው። ወጣ።» ታዘበው ጋቢውን አስተካከለ። «ሌላ ነገር ብነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከዚህ ሌላ ግን አላየሁም።»

ዘርፈሽ ምጣዱን ልታነሣ ተነሥታ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አደራውን ተረከብሽ» አለ ታዘበው በመጨረሻ። «ያንቺ ነው፣ ይዘሽው ሂጂ። ግን ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፣ እታለም። የቀረችውን አንብቢልኝ። ከተፈታሁ ወዲህ ሳርስም፣ ስተኛም 'ይደርስ ይሆን?' እላለሁ። ከሰው በላይ የመጽሐፍ ሰው እንቅልፍ ሲነሣ አይቼ አላውቅም።»

ስንቄ ወደ በሩ፣ ብርሃን ወዳለበት ቀረበች፤ ከታጠፈው ጠርዝ ጀመረች። ደምሰው የዓባይን በረሃ ሲወርድ፣ ውሻውም ከፊት ከፊቱ ሲሮጥ፣ ሳይታክታት አነበበች። ወንዙን ተሻገረ። በማዶው ቆላ ንዳድ ያዘው። ከአንድ ዋንዛ ሥር ተጋድሞ ወደ ላይ ቢመለከት ከገደሉ አፋፍ ላይ የመንደሩን ጭስ አየ። እዚህ ላይ ዓይኗ ቀድሟት ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ፤ አፏ ቆመ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች ዘርፈሽ።

ብትፈልግ ልታደርሰው ትችል ነበር። ከፊቷ ከተቀመጡት ከሁለቱ ፊደል የሚያውቅ አልነበረም፤ አፋፉን አውጥታ፣ ከእናቱ ደጅ አድርሳ፣ እጮኛውን ልትድርለት ትችል ነበር። አሰበችው። ግን ሞቱ የተደበቀበት ሰው ምን እንደሚመስል ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እንደተጻፈው አነበበች፦ ደምሰው በዚያ ዋንዛ ሥር፣ ጭሱን እያየ ሞተ። ውሻው ብቻውን ገደሉን ወጥቶ ከእናቱ ደጃፍ ተኛ። እናቱም ውሻውን አይተው ከኋላው የሚመጣ ሰው እስኪታያቸው ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ለቅሶው ነበር። ደራሲው ማን እንደሆነ እንጃ፣ ለቅሶ የሚያውቅ ሰው ነው። ድንኳኑን ተክሎታል። ሙሾ አውራጇን ከሩቅ አገር አስመጥቷል። ጋሻውን፣ ኮርቻውን፣ የለበሰውን ጥብቆ ሳይቀር አደባባይ አውጥቶ አስቁሞታል። ስንቄ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አነበበች። በቢቸና ያልተደረገው ሁሉ እዚህ ተደርጓል።

መጀመሪያ ያልቻለችው ዘርፈሽ ናት። «ወይኔ ደምሰው! ወይኔ የኔ ጌታ!» ብላ ደረቷን መታች። ታዘበው ጋቢውን በፊቱ ላይ ጣለ። ስንቄ ግን ንባቧን አላቆመችም።

በዚያ አገር የለቅሶ ድምፅ ከተሰማ ማን እንደሞተ አስቀድሞ አይጠየቅም። ሰው እያለቀሰ ይገባል፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው። የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ በሩን ሞሉት። ከእነሱ መካከል አገሬ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ ልጇ በሚሊሽያነት ወደ ኦጋዴን ከዘመተ ወዲህ ወሬው የጠፋባት። እሷም የሰው መርዶ እንጂ የራሷን ለመስማት አልታደለችም፤ ሞተ ሳይሏት፣ አለም ሳይሏት እንዲሁ ኖራለች።

«ማን ነው?» አለች በለቅሶ መካከል።

«ደምሰው» አለቻት ዘርፈሽ።

«ኧረ ደምሰውዬ! የእናትህ ብቸኛ!» አለች አገሬ፤ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ልጇን ታለቅስ ጀመር። ሌሎቹም የየራሳቸውን።

ስንቄ መጽሐፉን በጉልበቷ ላይ አጠፈችው። ከውስጧ የሚመጣውን የምታውቀው አልመሰላትም፤ ነገር ግን የመሪጌታ ልጅ ናት፣ ቤት ሳይመታ አልወጣም፦

«ስለ ሰው ሞት ሰምቼ ባነባ ጧት ማታ፣
አንጀቴን የበላው የደምሰው ፋንታ።»

ታዘበው ጋቢውን ከፊቱ ገለጠ። ሰምቶታል። «ድገሚው» አላት በለሆሳስ። ደገመችው፤ ሴቶቹም ተቀበሏት፤ የወንድሟ ስም ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ቤቱን ዞረው። ያን ጊዜ ስንቄ አለቀሰች፤ የካቲትንም መጋቢትንም አብራ አለቀሰች።

የጠመንጃ ሰደፍ በሩን ሲመታ ቤቱ እንደ ተቆረጠ ክር ጸጥ አለ። የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ኃላፊ ነበር፤ ስሙ ጓዴ ይባላል። በማዕረጉ ላይ ስሙ ሲጨመር «ጓድ ጓዴ» ይሆንና ሕፃናት ይስቁበት ነበር፤ ዛሬ ግን የሳቀ የለም።

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

«ደምሰው ነው» አለች አገሬ።

«የትኛው ደምሰው? በዚህ ማኅበር ደምሰው የሚባል አባል የለም።»

ታዘበው ተነሣ። «የመጽሐፍ ሰው ነው፣ ጓድ ጓዴ። ዓባይ በረሃ ላይ ንዳድ ገደለው።»

ጓዴ አንድ በአንድ ተመለከታቸው፤ በመጨረሻ ዓይኑ በእንግዳዋ ላይ ቆመ። «እንግዲህ ይኼ ሁሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚያለቅሰው ለወረቀት ነው?»

«ለወረቀት ነው» አለ ታዘበው።

«ስጪኝ።»

ስንቄ ሰጠችው። አገላበጠው፤ ሽፋን ፈለገ፣ አጣ። ጣቱ ላይ የተጣበቀችውን የጤፍ ፍሬ አራገፋት። «የፖለቲካ ነው?»

«የአንድ ሲራራ ነጋዴ አሽከር ታሪክ ነው» አለችው። «በሐሰት ተከሶ የተሳደደ።»

«አንብቢ እስቲ።»

አነበበች። ውሻው ብቻውን ከደጃፍ ከተኛበት ጀምራ እስከ ድንኳኑ ድረስ። ጓዴ ቆሞ ነበር የሚሰማ፤ ቀስ በቀስ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠ። ስታበቃ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ቅድም ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ግጥም ሰምቼ ነበር። ፋንታ ያልሽው ማን ነው?»

ዘርፈሽ የአገሬን ክንድ ያዘች። ታዘበው መሬት መሬት ያያል። ስንቄ ግን ካለቀሰች በኋላ ቀልሏት ነበርና ፊቷን ሳታዞር መለሰች፦ «ፋንታ ዕጣ ማለት ነው። የደምሰው ዕጣ ማለቴ ነው።»

ጓዴ ረጅም ጊዜ አያት። «እኔ የዲማ አካባቢ ልጅ ነኝ» አለ። «ልጅ ሆኜ ቅኔ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ ዱላውን ፈርቼ ኮበለልኩ እንጂ።» ተነሥቶ ጠመንጃውን አነገተ። «ሰሙን ሰምቻለሁ። ወርቁን አልሰማሁም።»

ወደ ሴቶቹ ዞረ።

«ለመጽሐፍ ሰው እንዳይለቀስ የወጣ መመሪያ የለም፤ ድምፃችሁን ግን ቀነስ አድርጉት» አለና ወጣ። ደጃፉ ላይ ደርሶ ቆመ። «ውሻውስ?» ብሎ ጠየቀ። «ውሻው ምን ሆነ?»

«እናትየው ዘንድ ቀረ» አለችው ስንቄ።

ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

ስንቄ በማግስቱ ከሞጣ ወደ ደጀን የሚወርድ የጭነት መኪና አግኝታ ተመለሰች። ቢቸና ከቤቷ ስትገባ እናቷ ጥጣቸውን ከፊታቸው አድርገው እንደተቀመጡ ነበሩ። ሁለቱን ግማሾች ከአጠገባቸው አኖረች።

«ደምሰው ሞተ፣ እምዬ» አለች።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እንዝርታቸውን አቆሙ። «ተለቀሰለት?»

«ተለቀሰለት። የማያውቁት ሰዎች አለቀሱለት።»

«ማን ማን?»

አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ታዘበውን፣ ዘርፈሽን፣ አገሬን፣ ጠመንጃ የያዘውንም ሳታስቀር። ግጥሟን አለችላቸው። እሳቸውም በየስሙ «እግዜር ይስጣት»፣ «እግዜር ይስጠው» እያሉ ሰሙ። ሲያበቃ «እነዚያን ሰዎች ቆጥሬ ይዣቸዋለሁ» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቶች መጡ። ስንቄ ከጥቂቶቹ ጋር ተነጋግራ ነበር፤ ወሬው ግን ከጥቂቶቹ አልፎ ሄዷል። ቀበሌው ቢጠይቅ መጽሐፍ ሊሰሙ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ያ መልእክተኛ የቀበሌ ሰው ሳይቀር መጥቶ ከበሩ ሥር ተቀመጠ፤ ማንም ቦታ አልነፈገውም። ቤቱ ሲሞላና ማውራቱ ሲቆም ስንቄ የኋለኛውን ግማሽ አንሥታ ጠርዙ የታጠፈውን ገጽ ገለጠች፤ ለለቅሶው መምጣታቸውን ታውቃለችና።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እጃቸውን በገጹ ላይ አኖሩበት።

«አይደለም» አሉ። «እሱ ጋ መድረሳችን አይቀርም፤ ቸኩለን የትም አንሄድም። ከመጀመሪያው ጀምሪ። በሕይወት ካለበት።»